ከቀዩ ሪባን አትውጪ

ገሳይ ውስጥ ውዴ ይሻው ስትቆጣ ያልሰማ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ገበያ ላይ ልባሽ ጫማ ትሸጣለች። ቦንዳው በተፈታ ቁጥር የመሮጫ ጫማውን ቀድማ ለይታ ከኋላዋ ትደብቃለች፤ ያንን እጥፍ ቢከፍሏትም ለማንም አትሸጥም። ለልጆቿ ነው። ልጆቿ የምትላቸው ከማህፀኗ የወጡ አይደሉም፤ ማለዳ ከጉና ተራራ ሥር እየሰበሰበች አቀበት የምታስወጣቸው የአካባቢው ልጃገረዶች ናቸው። ለዚህ ድካሟ ደሞዝ የሚከፍላት የለም። ምስጋናም ቢሆን እምብዛም አይመጣም፤ የመጣ እንደሆነ ደግሞ አመስጋኙ ሳይጨርስ ትቆጣዋለች።

ቁጣው ግን ከሜዳ አልመጣም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ በዞን ውድድር ሁለተኛ ወጥታ አንድ ክለብ ስሟን መዝግቦ ነበር። ሜዳሊያዋን በጡቷ መሃል ሸጉጣ ቤቷ ስትደርስ ደጃፉ ላይ ዳስ ተጥሎ አገኘች። አባቷ አቶ ይሻው ለጎረቤት ልጅ ሊድሯት ቀን ቆርጠዋል፤ ሙሽራዪቱ ሠርጉን የሰማችው ከሠርገኛው እኩል ነው። ሦስት ዓመት በትዳር ቆይታ ፈታችና ገሳይ ገባች። ክለቡ ግን አልጠበቃትም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ምላሷ ላይ ተለጥፎ ቀረ፦ «ሳይጠይቁኝ!» ሻይዋ ላይ ስኳር ያበዛውን ልጅ «ሳትጠይቀኝ» ትለዋለች፤ ሱቋ ፊት ድንጋይ ያራገፈውን ሾፌር «ሳትጠይቀኝ» ትለዋለች፤ ሾፌሩ ምናልባት እስከ ዛሬ ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

የአባቷ ቤት ከጉና ወገብ ላይ፣ ልጆቿን ከምታስሮጥበት ቀጭን መንገድ ጠርዝ ነው ያለው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ፣ ትከሻቸውን ስማ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ትመለሳለች። በሌላው ቀን ሁሉ በደጃፋቸው የምታልፈው አንገቷን ወደ ገደሉ አዙራ ነው።

ከልጆቿ ሁሉ ዝምተኛዋ ትዝታ ናት። ሌሎቹ ውርጩ ጣታቸውን ሲቆነጥጠው ያለቅሳሉ፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ይቀመጣሉ። ትዝታ አታለቅስም፣ አትቀመጥም፤ ጅብራ እንጂ ዛፍ የማይበቅልበት ከፍታ ላይ ስትደርስ ጭራሽ ፍጥነት ትጨምራለች። ውዴ አንድም ቀን «ጎበዝ» ብላት አታውቅም። «ክርንሽን ሰብስቢ!» ነው የምትላት። ፍቅሯ እንዲያ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ገሳይ ላይ የተራራ ሩጫ ይካሄዳል ተባለ። ከከተማው ተነስቶ የጉናን ወገብ ዞሮ እዚያው የሚመለስ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር። ከሴቶች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ማሠልጠኛ ማዕከል ይገባሉ፤ ግን ከሃያ ዓመት በታች ላሉ ብቻ ነው። ትዝታ በጥር ወር ሃያ ዓመት ይሞላታል። ይህ ሩጫ ካለፋት ሌላ የላትም።

አዘጋጅ ኮሚቴው ሩጫው ሁለት ቀን ሲቀረው መጣ። ሀብታሙ የሚባለው፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የኮሚቴ አባል፣ አንድ ጆንያ ሙሉ ቀይ ሪባንና ችካል ውዴ ፊት አስቀመጠ።

«መንገዱን ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም አሉ። እባክሽ ምልክት አድርጊልን።»

«ሁለት ቀን ሲቀረው? እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? ለመሆኑ ገበሬው ተነግሮታል?»

«ሕዝቡ ያውቃል» አለ ሀብታሙ፣ ስልኩን እያየ። ከዚያ የውድድሩን ደንብ የያዘ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጣት።

ሕዝቡ ያውቃል! ይህቺን አባባል የፈጠረ ሰው ሕዝብ የሚባለውን ዓይቶት አያውቅም። ውዴም ይህንኑ በሚገባት ቋንቋ ነገረችው፤ ሰማይ ጠቀስ ስድብ ነበር። ወረቀቱን ግን የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አነበበችው፦ ከሪባኑ የወጣ ተወዳዳሪ ይሰረዛል። የቀረውን አጣጥፋ፣ ታጥቦ ሊደርቅ የተቀመጠ ጫማ ውስጥ ጠቀጠቀችው።

ሁለት ቀን ሙሉ ችካል ስትተክል፣ ሪባን ስታስር ዋለች። የአባቷ ማሳ ጋ ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ገብሱ ሊያሸት ተቃርቧል። በሩ ክፍት ነው፤ አቶ ይሻው ውስጥ ሲያስሉ ይሰማታል። በገብሱ ዳር አምስት ችካል በድንጋይ ቀጥቅጣ ተከለች። ቀና ብላ «እንዴት ዋሉ» ለማለት አሥር እርምጃ ነበር የቀራት። አላለችም። ስትመለስም በዚያው አለፈች።

ለትዝታ የነገረቻት አንድ ነገር ነው። «የምታውቂው መንገድ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ። ዓይንሽ ሪባኑ ላይ። ከቀዩ አትውጪ፤ የወጣ ይሰረዛል።»

በሩጫው ቀን፣ ተራራው ላይ የቆመው ዳኛ ትዝታ በሦስት ደቂቃ እንደምትመራ በስልክ ተናገረ። መጨረሻው መስመር ላይ የምትጠብቀው ውዴ ፊቷን አጨፈገገች፤ ስትደሰት እንዲያ ነው የምትሆነው። ከዚያ አንዲት የማታውቃት ልጅ ከኩርባው ብቅ አለች። ሁለተኛዋም ትዝታ አይደለችም። ሦስተኛዋም። ትዝታ ዘጠነኛ ሆና ገባች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ መዳፏ ተገሽልጦ።

«ምን ሆንሽ?»

«ሪባኑ ቦረቦር ውስጥ ወሰደኝ። መውጫ የለውም፤ ተቧጥጬ ተመለስኩ።»

«መንገዱን ታውቂው የለም እንዴ!»

«አውቀዋለሁ። ከቀዩ አትውጪ አልሽኝ።»

«የት ላይ ነው?»

«አባትሽ ቤት አጠገብ። እትዬ፣ ዳኞቹ ጋ...»

ውዴ የቀረውን አልሰማችም። ደሟ ፈልቷል። ስልኳ ያለበትን ቦርሳ ለልጅቱ ወርውራላት ሽቅብ ተፈተለከች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ሰው አንድ ሰዓት የሚፈጅበትን አቀበት በሃያ አምስት ደቂቃ ወጣችው። ንዴት ጉልበት ይሰጣል።

አቶ ይሻው ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቁልቁል ያያሉ። አምስቱ ችካሎች ከነሪባናቸው ከገብሱ ዳር ተነቅለው በቦረቦሩ አፍ ተደርድረዋል።

«ይህን ማን ነው የነቀለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሳይደብቁ። «ልጅቱ ወጣች? አንዲት ልጅ እየበረረች መጥታ እዚህ ውስጥ ገባች። ብጣራ አልሰማችኝም። ኋላ የመጡትን ወዲህ አይደለም ብዬ በደጄ አሳለፍኳቸው። የፊተኛዪቱን ግን ስትወጣ አላየኋትም፤ ይኸው እስካሁን እየፈለግኋት ነው።»

ውዴ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አንዲቱን ገደል ሰደዋት፣ ለሌሎቹ መንገድ አሳይተዋቸዋል!

«ምን አደረገችዎት?» ብላ ጮኸች። «አባየ፣ ያቺ ልጅ ምን አደረገችዎት?»

«ምን ታደርገኛለች? ሩጫ መሆኑን የነገረኝ ማን ነው? ያን ጊዜም መንገድ እንሠራለን ያሉት ቀይ ጨርቅ አስረው ሄዱ። በሳምንቱ ማሽን መጥቶ ገብሴን ገልብጦት ሄደ። መንገዱ ደግሞ በሌላ በኩል ወጣ። አሁን ቀይ ጨርቅ ደጄ ላይ ሳይ ቁጭ ብዬ ልይ? የጎረቤት መሬት ላይ እንዳልተክለው ግፍ ሆነብኝ። ቦረቦሩ የማንም አይደለም፣ መንገድ ከፈለጉ እዚህ ይሥሩ ብዬ ነው። አንቺ እንደተከልሽው በምን ልወቅ? ጠየቅሽኝ?»

አቶ ይሻው መልሷን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«በይ አሁን ዳኛ የለም? ውረጂና አባቴ ነው የነቀለው በያቸው። እኔ አልፈጥንም፤ አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ተከትዬ መጥቼ በአፌ እመሰክራለሁ።»

ይህ የቀኑ ብቸኛ ጤነኛ ሐሳብ ነበር። የተናገሩት ግን አባቷ ናቸው፤ ከእሳቸው አፍ የወጣ ደግሞ ውዴ ጆሮ አይገባም።

«አንቱ ነዎት ለእኔ የሚመሰክሩልኝ?» አለች። ከዚያ ጀመረች። የሃያ ሰባት ዓመቱን ከሥሩ ጀመረችው፤ ዳሱን፣ ሜዳሊያውን፣ ክለቡን፣ ሦስቱን የትዳር ዓመታት፣ አንድ በአንድ። አቶ ይሻው አላቋረጧትም። ሁለት ጊዜ ብቻ «ውረጂ፣ ልጄ» አሉ። እሷ አልወረደችም። ተራራው እስኪያስተጋባ ጮኸች፤ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ሰዓቱ ግን የእሷ አልነበረም። ሲበቃት፣ ወይም ድምጿ ሲዘጋ፣ ቁልቁል ሮጠች።

ገሳይ ስትደርስ ድንኳኑ እየተነቀለ ነው። ሀብታሙ ጠረጴዛውን ሲያጥፍ ደረሰችበት።

«አቤቱታ አለኝ!»

«አለፈሽ» አለ ሀብታሙ። «ውጤት ከተነገረ በኋላ አንድ ሰዓት ነው፤ አሰልጣኝ ራሱ መፈረም አለበት። በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ጠራንሽ። አሥራ ስድስት ደቂቃ አለፈ። ወረቀቱን ሰጥቼሽ የለም? ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።»

«ሕዝቡ ያውቃል አላልከኝም? ማን ነው የነገረው? ማንን ነው የነገረው?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለና ጠረጴዛውን መኪናው ላይ ጫነ። ውዴ መኪናው ኩርባውን እስኪዞር ከኋላው እየጮኸች ቆየች፤ ማን ይስማት።

ትዝታ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳው ጭኗ ላይ ነው።

«የት ነበርሽ፣ እትዬ?»

«አባቴ ጋ። ሪባኑን የነቀሉት...»

«ማን ነቀለው ብዬ ጠየቅሁሽ?» ትዝታ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ዳኞቹ ጋ አቤት እንበል ልልሽ ስል ጥለሽኝ ሄድሽ። ስልክሽ እኔ ጋ ነው የቀረው። እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ‹አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች› ስል ነበር። ሳቁብኝ። ከቀዩ አትውጪ አልሽኝ፣ አልወጣሁም። መንገዱን እያወቅሁ አልወጣሁም! አንቺ ግን የምትጣይው ሰው ፍለጋ ሄድሽ። ምን እናድርግ ብለሽ አንዲት ቃል ጠየቅሽኝ? የኔ ሩጫ አልነበረም?»

«ሳይጠይቁኝ» የሚለው ቃል ሃያ ሰባት ዓመት የውዴ ብቻ ነበር።

ትዝታ ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር ፈታች። ጫማውን ጎን ለጎን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳውን ከአጠገቡ አደረገች፣ በካልሲዋ በጠጠሩ ላይ እየረገጠች ሄደች። ዞር ብላ አላየችም።

አቶ ይሻው የደረሱት ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፤ ላብ አጥምቋቸው፣ የነቀሉትን ሪባን መዳፋቸው ላይ ጠቅልለው። ዳኛ ፍለጋ ግራ ቀኝ አዩ። ዳኛ የለም።

«ልጅቱስ?»

«ሄደች።»

«ምን አልሻት?»

«ምንም። ልጮህ ነበር፤ የምጮህበት ሰው አጣሁ።»

«በእኔ ጩኺ» አሉ አቶ ይሻው። «እኔ ለምጃለሁ።»

ውዴ ጫማዎቹን አነሳች፤ ገና እርጥብ ናቸው፣ ጭቃው አልደረቀም። ጫማውን በእጇ ይዛ ትዝታ በሄደችበት አቅጣጫ መራመድ ጀመረች። ምን ብላ እንደምትጠይቃት ገና አላወቀችም።