ቁጠሪኝና ልግባ

ባለፈው ነሐሴ፣ ዓለም ከተማ በጭጋግና በጭቃ ተይዛ ሰው ሁሉ ቤቱ በከተተበት አንድ ከሰዓት፣ ምስር እየለቀምኩ ተቀምጫለሁ። ልጄ ከጎኔ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይንፈቀፈቃል። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብቻውን ሲስቅ እናት ጠጋ ብላ ማየቷ አይቀርምና አየሁ። በሥዕል የተሠራ ፊልም ነው። እስር ቤት። ግድግዳው ጥርስ አለው፤ እስረኞቹን ያኝካቸዋል፣ ደማቸው ጣሪያ ድረስ ይረጫል። በማግስቱ ሁሉም ደኅና ሆነው ተሰልፈው ይቆጠራሉ።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«አሮጌ ነው እማዬ፤ የትልልቅ ሰዎች ካርቱን ነው። ምን ሆንሽ? ቀልድ እኮ ነው!»

ያን ጥርሳም ግድግዳ እሱ ሳይወለድ ነበር የማውቀው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ስውል ጊዜ አጎቴ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሥራ ሰጠኝ። ሥራዬ ማይክ ይዞ ፊልሙን በአማርኛ መተርጎም ነው። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አልነበረም። የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ያልገባኝን ከራሴ እፈጥራለሁ፤ ሰዉ ይበልጥ የሚወደው ደግሞ የፈጠርኩትን ነበር። አጎቴ ገበያተኛውን ለመሳብ አንድ ድምፅ ማጉያ በሩ ላይ ሰቅሎ ነበርና፣ ከጀማ ቆላ ሙዝና ሸንኮራ ጭነው የወጡ ሰዎች ሳይቀሩ ሸንኮራቸውን እየመጠጡ ይሰሙኛል። በመንገድ ሳልፍ «ያቺ ናት» ይባባላሉ። ነጥብ ላልመጣላት ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ዛሬ ሳስበው፣ የዚያን ጊዜ ሰው ሲስቅልኝ የምሰማው ያለፍኩትን ፈተና ውጤት እንደሚነግሩኝ አድርጌ ነበር።

ብርቄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። አባቷ ጋሽ ታምሩ በእርሻ ወሰን ጠብ አንድ ጎረምሳ በዱላ መትተው ገድለው፣ ስምንት ዓመት ታስረው የተፈቱት በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነው። ሽማግሌ ገብቶ፣ ደም ደርቆ፣ እርቅ ወርዷል። እስር ቤት ውስጥ ሽመና ተምረው ስለወጡ በገበያ ቀን የሠሩትን ጋቢ ይዘው ከቪዲዮ ቤታችን ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። ዝምተኛ ናቸው። ዋጋ ሲጠየቁ እንኳ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ነው የሚመልሱት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ብርቄና እኔ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን የተቆላ ሽምብራ እየበላን ነበር። ነፋሱ ደረቅ ነው፤ ከታች ጀማ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል።

«አባዬ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ?» አለችኝ። «ጎህ ሲቀድ ይወጣና ግድግዳው ሥር እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል። ካልቆጠሩት አይገባም። እማዬ ወጥታ ‹አንድ፣ ሙሉ ነው› ስትለው ነው የሚገባው። ትናንት እሷን አሟት ተኝታ እኔ ቆጠርኩት።»

ሽምብራው መዳፏ ላይ እንዳለ አለቀሰች።

«ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ምን ነካሽ? ለማን እነግራለሁ?» አልኳት። የምሬን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ያንን የጥርሳም ግድግዳ ፊልም በሲዲ ከአዲስ አበባ ለአጎቴ አመጣለት። በገበያው ቀን ከፈትነው። ሰዉ ግራ ገባው። የሕፃናት ነው ብሎ የመጣው ደሙን ሲያይ ፊቱን አዞረ፤ የኋላዎቹ ተነስተው መውጣት ጀመሩ። አጎቴ ከበሩ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። በዚህ መሃል ፊልሙ ውስጥ እስር ቤቱ ፈነዳ። ሁሉም ሸሹ፤ አንድ ቀጭን እስረኛ ብቻ ፍርስራሹ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሞ ቀረ። ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን የጋሽ ታምሩን ቀስ ያለ ድምፅ አስመስዬ፣

«አንቺ ሴት፣ ቁጠሪኝና ልግባ!» አልኩ።

ወዲያው በሚስታቸው ድምፅ፣ «አንድ! ሙሉ ነው፣ ግባ!» ብዬ መለስኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ታምሩን ጠዋት ግድግዳ ሥር ቆመው እያየ ይገረም ነበርና አሁን ምክንያቱን አገኘ። ድምፅ ማጉያው ደግሞ ለገበያው በሙሉ አሰማ። ስወጣ ጋሽ ታምሩ ከቦታቸው አልነበሩም። አንዱን ጋቢ ረስተውት ሄደዋል።

ብርቄ ያን ዕለት ቤቴ መጣች። ደጁ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ለምን?» አለችኝ።

«ቀልድ እኮ ነው። ስም አልጠራሁ።»

«ለአንቺ ብቻ ነበር የነገርኩት» ብላ ተመለሰች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ፣ አምልጦኝ ነው ብዬ ራሴን ባጽናናሁ ነበር። ግን አላበቃም። በሚቀጥለው ገበያ አጎቴ፣ «ያቺን ቦታ እንዳትዘያት፣ ሰዉ የመጣው ለእሷ ነው» አለኝ፤ አልዘለልኳትም። እንዲያውም ጨመርኩበት። ጎረምሶቹ ከእኔ ጋር አብረው «ሙሉ ነው!» እያሉ ይጮኹ ነበር። የብርቄን ፊት እያሰብኩ፣ ሳቁን እየሰማሁ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዤ መናገር መቻሌ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በሦስተኛው ገበያ ፊልሙን ገና እንደጀመርን አንዲት ነጠላ ያጣፉ አሮጊት በሩ ላይ ቆሙ። እማማ አስካለ ናቸው፤ ጋሽ ታምሩ የገደሉት ጎረምሳ እናት። ቪዲዮ ቤት ገብተው የሚያውቁ ሴት አይደሉም። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸውና በአግዳሚዎቹ መሃል አልፈው እኔ ጋ ደረሱ። አጎቴ ፊልሙን አቆመ።

«ልጄን የገደለው እሱ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ ግን ማይኩ ክፍት ስለነበር ገበያው ሁሉ ሰማ። «አንድ ልጄን ነው የገደለው። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። አንቺን ምን አድርጎሽ ነው?»

ማይኩን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ አልያዝኩትም።

በማግስቱ ሙዝ ቢጤ በዘንቢል ይዤ ብርቄ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ታምሩ ከሸማ ጉድጓዳቸው ብድግ አሉልኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

«ይቅር ብያለሁ ልጄ። እኔ ከዚህ የባሰ ይቅር የተባለልኝ ሰው ነኝ፤ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

ብርቄ ጓዳ ነበረች፤ አልወጣችም። ሲሸኙኝ እናቷ ደጁ ላይ ቀስ ብለው፣ «አሁን ውጭ መቆሙን ትቷል» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ «ጓዳ ውስጥ በጨለማ ነው የሚቆመው» ብለው ጨረሱት።

ሰኔ ሳይገባ ቤታቸውን ዘግተው ወደ እናቷ ዘመዶች፣ ወደ ጊሼ ሄዱ። ጋሽ ታምሩ እዚያው እንዳረፉ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። ስልኩን ካጠፋው ቆይቷል።

«ብርቄ አሁን የት ነች?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት።

ዋሸሁት። እዚያው ጊሼ፣ ራቤል እንደምትኖር፣ ሱቅ እንዳላት፣ ሦስት ልጆች እንደወለደች አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሄጄ ረዳቱ «ራቤል! ራቤል!» እያለ ሲጣራ ቆሜ የሰማሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። አንዴ መቀመጫ ይዤ ሁሉ ወርጃለሁ። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ እችለዋለሁ። የምፈራው፣ «አንቺ ደግሞ! የልጅነት ነገር እኮ ነው» ብላ ስቃ እንዳታልፈኝ ነው።