መስቀሉ ወገብ ላይ ያበቃል

ለቅሶ የደረሰ ሁሉ፣ "ነፍስ ይማር፤ መቼም ግትር ነበሩ" ይለኛል። አዎ፣ አክስቴ ግትር ነበሩ። ላሊበላ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እየነደፉና እየጠለፉ ሲኖሩ፣ መስቀል ከወገብ በታች አውርደው አያውቁም። "የምንሳለመውን እንዴት እንቀመጥበታለን?" ይሉ ነበር።

አምና ለገና አንድ ነጋዴ መስቀሉ የቀሚሱን ጫፍ ዙሪያውን እንዲከበው ፈልጎ መጣ።

"እማማ፣ የአዲስ አበባ ዲዛይነሮች እኮ እንዲህ ነው የሚሠሩት" አላቸው።

አክስቴ ከበርጩማቸው ሳይነሡ ጨርቁን አጥፈው መለሱለት።

"እንግዲያው እነሱ ይሥሩልህ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።"

አርባቸው ሳይወጣ ያው ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ። "እግዜር ያጥናሽ" አለኝና፣ ትንሽ ቆይቶ በር ሥር ያለውን ባዶ በርጩማ አየት አደረገ።

"እንግዲህ አሁን ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ያችን ሥራ ብንጀምራትስ?"

ንዴት ዕንባዬን አደረቀው። እሳቸው ካረፉ ወዲህ በርጩማው ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ስከለክል ነበር የሰነበትሁት፤ እኔም ደፍሬ አልተቀመጥሁበትም። አሁን ግን ተነሥቼ ሄጄ ተቀመጥሁበት። ጀምረው የተዉትን ቀሚስ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። መርፌያቸው ወገቡ ላይ፣ የመስቀሉ እግር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እንደተሰካ ነው።

ነጋዴው ቆሞ እያየኝ የቀረውን ጠለፍሁት።

"ጋሼ፣ መስቀሉ እዚህ ላይ ያበቃል" አልሁትና ክሩን ቋጥሬ በጥርሴ በጠስሁት።