ያልተቆረጠው መጽሐፍ

በአርባዎቹ ዓመታት መጨረሻ አሰብ በመምህርነት ተመድቤ ሳለሁ፣ የጉምሩክ ጸሐፊው አቶ ግርማ መጻሕፍቱን እንድመለከትለት ቤቱ ጠራኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የጋኔንና የሙት መንፈስ ታሪክ ብቻ የምታትም አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበረች። ሰውዬው የእሷን መጻሕፍት ይሰበስባል፤ ያውም የመጀመሪያውን እትም ብቻ። የቤቱ ሙቀት ያፍናል፤ እሱ ግን ያለችውን አንዲት ቬንቲላቶር ወደ መጻሕፍቱ ሳጥን አዙሯታል። እኔ በላብ ስጠመቅ ጋኔኖቹ ነፋስ ይቀበላሉ።

አንዱን መጽሐፍ እንደ ታቦት በነጭ ጨርቅ ይዞ አወጣው። «የጨው ሜዳው ሙሽራ» ይላል። የታጠፉት ገጾች ጫፋቸው ገና አልተቆረጠም፤ በቢላዋ ካልተከፈቱ አይነበቡም።

«አላነበቡትም እንዴ?» አልኩት።

«ምን ነካዎት መምህር፣ ከተቆረጠማ ምን ዋጋ አለው? ደግሞ ደራሲው ሞቷል፤ ከእንግዲህ ሌላ አይጽፍም።»

ያንን መጽሐፍ በብዕር ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ነገርኩት። እንደ እብድ ቆጥሮኝ ፈገግ አለ። ንዴቴ መጣና ከኪሴ ሰንጢ አውጥቼ ሰጠሁት።

«መጨረሻው ገጽ ላይ ፎቶግራፌ አለ። ቆርጠው ይዩ።»

ሰንጢውን አየ፣ መጽሐፉን አየ፣ እኔንም ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ብዙ አሰበ። ከዚያ መጽሐፉን ቀስ ብሎ ወደ ሳጥኑ መለሰና ክዳኑን እየዘጋ፣ «ነፍስ ይማር፣ መምህር» አለኝ።