ድመቷ ጥላት የወረደችው መርከብ

ባሌ ሴንኪቺ ዓሣ ገበያ ሲሄድ በቀጥታው መንገድ አይሄድም። በቤታችን ጀርባ ዳገቱን ይወጣል፣ በቤተ መቅደሱ አጥር ሥር ይዞራል፣ ከዚያ ጉልበቱን እየያዘ እንደገና ወደ ወደቡ ይወርዳል። እንግዳ ሰው ቢያየው እግሩን የሚያፍታታ ሽማግሌ ይመስለዋል። የወደባችን የሞጂ ሰው ግን አይሳሳትም። በኛ ሰፈር አንድ ሰው የሚሸሸው መንገድ ካለው፣ ከምን እንደሚሸሽ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

በወጣትነቱ የሂኮ ማሩ እሳት ቆስቋሽ ነበር። ሂኮ ማሩ ከኩራናሚ ቤት አራት የጭነት መርከቦች አንዷ ናት። ሌሎቹ ሆማን፣ ፉኩቺና ዩፉ ይባላሉ፤ ሁሉም የተሰየሙት በአገራችን ተራሮች ነው። አራቱም ሌላ አገር አገልግለው ካረጁ በኋላ ነው ጌታው የገዛቸው፤ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ቀለም ተቀቡና እንደ አዲስ ሙሽራ ስም ወጣላቸው። ወደ ሻንጋይ ከሰል ይጭናሉ፣ ከዳይሬን አኩሪ አተር ይዘው ይመለሳሉ፣ በበጋ ደግሞ ከሰሜን ግንድ ያመጣሉ። እኔ የማውቃቸው በሆዳቸው ነው። የሆማን የከሰል አፍ ጠባብ ነበር። ፉኩቺ ሁልጊዜ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ዩፉ ረጅም ስለሆነች መሰላሏ ወገብ ይቆርጣል። ሂኮ ከሁሉም አሮጊት ናት፤ ጭስ ማውጫዋ ቀጭን ነው፣ ቆማ እንኳን ታቃስታለች።

በኛ ጊዜ መርከብ ከሰል የምትጎርሰው በእጅ ነበር። ከከሰል ጀልባው እስከ መርከቧ ወገብ መሰላል ይዘረጋል፤ በየእርከኑ ሰው ይቆማል፣ አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ቅርጫቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይወጣል። አንዷ ከዘገየች ሁሉም ይዘገያል። ስለዚህ ከበላይሽ የቆመችውን ሴት ብትጠዪያትም ፊቷን እያየሽ ማቀበል ነው። ከኔ በላይ የምትቆመው ማትሱኖ ነበረች፤ የሂኮ የእሳት ቆስቋሾች አለቃ የኢዋማ ሚስት።

ሂኮ ስሟን ያገኘች ቀን፣ ከዳገቱ ቤተ መቅደስ የባሕር አምላክ ያለበት ትንሽ የእንጨት ቤት ወደ መርከቧ ወጣ። ሣጥን ነው የሚያህለው። ተሸክሞ ያወጣው ሴንኪቺ ነው፤ አዲስ ተቀጣሪ ስለነበረ። በኩራናሚ ቤት ልማድ አምላኩን ያወጣ ሰው፣ መርከቧ ዕድሜዋ ሲያልቅ እሱው ያወርደዋል። ያን ጊዜ ግን ስለ ማውረድ ማን ያስባል? ሳኬውን፣ የሩዝ መጠጡን፣ ጠጥተው ዘፈኑ።

ከዚያ ድመቱ መጣ። ወጥ ሠሪው ጎሄይ ነው ከሺሞኖሴኪ ነጋዴ የገዛው፤ ባለ ሦስት ቀለም ወንድ ድመት። ባለ ሦስት ቀለም ሴት ድመት በየጣሪያው ሞልታለች፤ ወንዱ ግን በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚገኘው። እሱ ያለባት መርከብ ማዕበል አይነካትም። ግን ደግሞ፣ በገዛ እግሩ ጥሏት ከወረደ፣ ያቺ መርከብ አትመለስም። ይህን ለባሕር ሰው የሚያስረዳው አያስፈልግም፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው።

በአንድ የክረምት ቀን ሂኮ ወደ ዳይሬን ልትሄድ ከሰል ስትጭን ዋለች። እኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ መሰላሉ ላይ ነበርኩ። አመሻሽ ላይ መርከቧ ስታፏጭ ሰማሁና ባሌ ሄደ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ሴንኪቺ ጓዙን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በረንዳው ላይ እጁን ይታጠባል።

«ምነው? መርከቧ ሄዳለች እኮ!»

«ሄዳለች።»

«አንተስ?»

«ሆዴን አመመኝ።»

ፊቱን አየሁት። የሆድ ሕመም ፊት አልነበረም።

«ድመቱ ወረደ» አለ ቆይቶ። «ከሰሉ ላይ ዘለለ፣ ከዚያ ወደ መሬት። ጠራሁት፣ ዞሮም አላየኝ። አንቺ እንዲህ ሆነሽ...» ሆዴን በዓይኑ አመለከተ።

«ለኢዋማ ነገርከው?»

የታጠበውን እጅ እንደገና መታጠብ ጀመረ።

ማፈር የጀመርኩት ያኔ ነው። በመውረዱ አልነበረም ያፈርኩት፤ ማን ይሞት ዘንድ ይሄዳል? ግን ያን ሁሉ ሰው፣ አብሮት ሩዝ የሚበላውን፣ ትሰምጣለች ብሎ ባመነባት መርከብ ላይ ትቶ፣ ዝም ብሎ ነው የወረደው። በዚያ ላይ ምክንያቱ እኔና ሆዴ ሆንን።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የባሕሩ ዳር ሄዶ ይቆም ነበር። ሂኮ ብትሰምጥ ገዳይ ነው፤ ብትመለስ መሳቂያ ነው። የትኛውን እንደሚመኝ አላውቅም ነበር። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ተመለሰች። አኩሪ አተሯን ጭና፣ እያቃሰተች፣ ደህና ተመለሰች። እኛ የመሰላሉ ሴቶች ደግሞ ቀድመን ሌላ ነገር አይተን ነበር፦ ድመቱ በከሰል ቢሮው ውስጥ ከጆንያ ጀርባ ወልዶ ተገኘ። ወንድ አልነበረም። ምጥ ስለያዛት ነው የወረደችው።

መርከበኞቹ ይህን ሲሰሙ ወደቡ በሳቅ ተናወጠ። ጎሄይ ብቻ ነው የተናደደው።

«ወንድ ነው ብሎ ሸጠልኝ! የድመት ጭራ የሚገልጥ ማን አለ?»

«አንተ ወጥ ሠሪ አይደለህ እንዴ?» አለው አንዱ። «ዓሣውን ሳትከፍት ዕንቁላል አላት የላትም የምትለው አንተ ነህ!»

«ኧረ ሴንኪቺን ጥሩት! አራሷን ትቶ የት ሄደ?»

ኢዋማ ወደ ቤታችን መጣ። እሱም ገና ከበሩ እየሳቀ ነው የገባው። ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ፣ ሻይ ቀዳሁለት፣ ቀስ በቀስ ሳቁ አለቀ።

«ሳቁን ተወው፣ ያልፋል» አለው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ትሰምጣለች ብለህ አምነህ ነበር?»

«አምኜ ነበር፣ አለቃ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

ሴንኪቺ ሻይ ጨመረለት። ኢዋማ ጠበቀው። ሻዩን ጨረሰ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ በሩ ላይ ዞረና፦

«መልሱ ሲመጣልህ ቤቴን ታውቀዋለህ» ብሎ ወጣ።

የኩራናሚ ቤት ከዚያ ወዲያ ሥራ አልሰጠውም፤ ከሰል ጀልባ ላይ አካፋ ያዘ። ስሙም «የድመት ባል» ሆነ። በሰፈሩ ባለ ሦስት ቀለም ግልገል በታየ ቁጥር የሴንኪቺ ልጅ ነው ይባላል። መሰላሉ ላይ ማትሱኖ ከበላዬ ሆና ትጀምራለች፦

«ሺጌ፣ ባልሽ ዛሬስ ሆዱን እንዴት አደረገው?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

«ለመሆኑ ለማንኛችሁ ብሎ ነው የወረደው? ላንቺ ነው ለድመቷ? ሁለታችሁም እኮ ደርሳችሁ ነበር!»

ሳቁ ከቅርጫቱ ጋር እየተቀባበለ እስከ መርከቧ ወገብ ይወጣል። እኔም ፊቷን እያየሁ አቀብላለሁ። የከሰሉ አቧራ ፊቴን ስለሚሸፍነው ደግ ነበር።

ሆማን በጭጋግ ከሰሜን ዓለት ጋር ተላትማ ቀረች። ሰዎቹን ዓሣ አጥማጆች አተረፏቸው፤ እሷን ክረምቱ ሰባበራት። ኢዋማና ጎሄይም፣ ከሂኮ ነባሮች የቀሩትም፣ ወደ ዩፉ ተዛወሩ። ዩፉ ጠንካራ ናት፣ ፈጣን ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሠራዊቱ ፉኩቺን ወሰዳት። ወታደርና ሩዝ ጭና ሄደች፤ የት እንደቀረች እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ዩፉን በደቡብ ባሕር ቶርፔዶ መታት። ከሷ የተመለሰ ሰው የለም።

መርዶው በመጣ ማግስት ማትሱኖ መሰላሉ ላይ ቆመች። ከበላዬ። ቅርጫቱን ሰጠኋት፣ ተቀበለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድቡ ቀረ፤ የሚሳደቡት ሰዎች ባሕር ውስጥ ናቸው። ሴንኪቺ ስድቡ ሲቀር ይበልጥ ጎበጠ።

ሂኮን ግን የሚፈልጋት ጠፋ። አዝጋሚ ስለሆነች ሩቅ አልላኳትም፤ በአገራችን ዳርቻ ስትንቀራፈፍ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል እዚሁ ደጃችን፣ ጠባቡ ባሕር ላይ፣ ፈንጂ ረግጣ ተቀመጠች። ጭስ ማውጫዋ ብቻ ከውኃው በላይ ቀርቶ ነበር። አወጧት፣ ለጣፏት፣ ከባሕር ማዶ የሚመለሱትን ስደተኞች አመላለሰች፣ እንደገናም ከሰል ጫነች። ድመቷ ጥላት የወረደችው መርከብ ሦስቱንም እህቶቿን ቀብራ ኖረች። በመጨረሻ ሞተሯ ሞተና ለብረት ቆራጮች ተሸጠች።

ማትሱኖ ቤታችን የመጣችው ያኔ ነው። ጎረቤት ሆነን ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። ግቢ ብላት እምቢ አለች፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ለሴንኪቺ ተናገረች።

«ቆራጮቹ አምላክ ያለበት ብረት አንነካም ብለዋል። ከጌታው ቤት ልከውብኛል። ያወጣኸውን የአምላክ ሣጥን የሚያወርድ ይፈለጋል።»

«ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እትዬ» አለ ሴንኪቺ። «እኔ ጥያት የሄድኩ ሰው ነኝ። በምን ፊቴ እወጣለሁ?»

«ማንን ልፈልግ? ከባሕር ውስጥ ላውጣልህ?»

ሴንኪቺ ተነሣ። ልብሱን ቀየረ።

ሦስታችን ወረድን። ቆራጮቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ሲጋራ እያጨሱ ይጠብቃሉ። ሂኮ ዝጋ ቀይ ሆናለች። ሴንኪቺ መውጫውን ሳንቃ ጀመረና መሐሉ ላይ ቆመ። ገመዱን ይዞ ወደ ኋላ ሲያይ ከታች ይታየኛል። ይመለሳል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ማትሱኖ ጮክ ብላ ተናገረች፦

«ምነው የድመት ባል! ሆድህን አመመህ?»

ከቆራጮቹ አንዱ ነገሩን ሳያውቅ ሳቀ። ያንን ስድብ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! ሴንኪቺ እንደተመታ በሬ ተንቀሳቀሰና ወጣ።

ቆየ። ሲመለስ ሣጥኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ታቅፎታል። ሳንቃውን ወርዶ ማትሱኖ ፊት ቆመ፤ ዓይኗን ግን አላየም።

«ሳቃችሁን ፈርቼ ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ለኢዋማ ያልነገርኩት። ድመት ወረደ ብላቸው ይስቁብኛል፤ ከሳቁብኝ ደግሞ አፍሬ አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ ብዬ ነው። ከሞታችሁ ይልቅ ሳቃችሁን ፈራሁ፣ እትዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሺጌንም ያነሳኋት በከንቱ ነው።»

ማትሱኖ የሣጥኑን ጨርቅ አስተካከለች።

«ባሌ ያውቅ ነበር» አለች። «እናንተ ቤት መጥቶ የተመለሰ ዕለት ነግሮኛል። ‹ሳቃችንን ፈርቶ ነው፣ ሞኝ፤ መጥቶ ሲነግረኝ አብሬው እጠጣለሁ› አለኝ። ጠርሙስ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ነበር።»

«ጠርሙሱስ?» አልኩ እኔ። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«ዩፉ ላይ ሲሄድ ይዞት ሄደ። ‹ይኼ ሰው እንግዲህ አይመጣም› ብሎ።»

ሴንኪቺ ሣጥኑን እንደታቀፈ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለ፤ ቀና የሚል አልመሰለኝም። ማትሱኖ ይቅር አልኩህ አላለችውም፤ እሱም አልጠየቀም። ያመጣችውን ሳኬ በሂኮ አፍንጫ ላይ አፈሰሰች፣ ዳገቱን ወጣን፣ ሣጥኑን ለካህኑ አስረከብን። ሴንኪቺ ከኋላችን ነበር የሚሄደው።

ሂኮን ሲቆርጧት ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። እየቆረጡ እየቆረጡ ባዶ ውኃ ሆነ።

የመንገዱ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፤ ቀጥታው መንገድ በኢዋማ ደጃፍ ያልፋል። መልሱን ከተናገረ ወዲህ ይሄድበታል ብዬ ነበር። ባለፈው ማትሱኖ ገበያ አግኝታኝ «ያ ሰውዬ አሁንም በዳገቱ ነው እንዴ የሚዞረው? ጉልበቱን ይጨርሰዋል። በዚህ ይለፍ በይው፣ ሻይ አለ» አለችኝ።

ነገርኩት። ሰማኝ፣ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጫማውን አደረገ፣ ቅርጫቱን አነሳ፣ ከበሩ ሲወጣ አየሁት። ወደ ዳገቱ ዞረ።