የልብስ ሰፊው ዝምታ

ተማሪዎቿ «ጆሮ» ይሏታል። ስታልፍ ይንሾካሾካሉ፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

በዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ክፍል ምድር ቤት፣ ቀድሞ ስብርባሪ ወንበር ይታጎርበት በነበረ ክፍል፣ ድምፅ ማጉያዎችን በክብ ደርድራ፣ ሰው መሃል ተቀምጦ የሚያዳምጠው ሙዚቃ ትሠራ ነበር። ድምፁ ከፊት ይነሳል፤ ትከሻ ታክኮ ያልፋል፤ ዞሮ ከኋላ ይመጣል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ሌላ ቤት የገባ ይመስለዋል።

ያ ሌላ ቤት የአባቷ የስፌት ክፍል ነበር። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸውን ድምፅ፣ መቀሳቸውን፣ ከደንበኛ ጋር የሚገጥሙትን ሙግት ሁሉ በሕይወት ሳሉ ቀድታዋለች። አቀዳዷም የራሷ ወግ ነበረው፤ መጀመሪያ የክፍሉ ባለቤት ቁጭ ብሎ ዝም ይላል፣ የክፍሉ ባዶ ድምፅ ብቻ ይቀዳል። ኋላ ከቅጂው የተቆረጠ ቦታ ሲኖር በዚያ ይጣፋል።

«ዝምታ ቀድተሽ ለማን ልትሸጪው ነው?» ይሏት ነበር አባቷ።

«መጣፊያ ጨርቅ ነው ይበሉት፣ አባዬ።»

«እንዲያ በይኛ።»

ይህን ሥራ ከእሷ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የኮምፒውተሩን በኩል የሚያግዛት ባልደረባዋ። በተማሪነታቸው አንድ ዳቦ ለሁለት ገምሰው የበሉ ናቸው። «እህቴ» ነው የሚላት። የምድር ቤቱንም ቁልፍ ሰጥታዋለች። አባቷ ሲሞቱ ሥራውን መክፈት አቃታት። «አንቺ እረፊ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አላት።

ያዘውም። የእሱ አዲስ ሥራ በትልቁ አዳራሽ እንደሚቀርብ፣ እንደ ማንም መንገደኛ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ አነበበች።

ሄደች። «የልጅነት ሰፈሬ ድምፅ ነው» ብሎ ለታዳሚው ሲያስተዋውቅ ከድምፅ ማጉያዎቹ ክብ መሃል ተቀምጣ ነበር። መብራቱ ደበዘዘ። በግራ ትከሻዋ በኩል፣ ፔዳሏ ሲረገጥ የምታቃስተው የአባቷ መኪና መጣች። ድምፃቸው ግን የለም። እሳቸውን ከነሙግታቸው ቆርጦ አውጥቶ፣ ባዶ የቀረውን በዝምታው ጥፎታል፤ ልክ እሷ እንዳስተማረችው። መጋጠሚያው እንኳ አይታወቅም። አንጀቷን ያሳረረው ይሄ ነው።

በመጨረሻ ሁሉም ድምፅ ሳስቶ ሳስቶ ዝምታው ብቻ ቀረ። እሱ ይህን ዝምታ እስከ ጫፉ አዳምጦት እንደማያውቅ ያኔ ገባት። ደግሞስ ዝምታን እስከ ጫፉ ማን ያዳምጣል? አባቷ ዝም ይበሉ ሲባሉ ትንፋሻቸውንም ውጠው ነበር የሚቀመጡት።

«ልተንፍስ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ ከኋላዋ።

አዳራሹ ሳቀ። ቀጥሎ ከሁሉም ማዕዘን የራሷ ድምፅ መለሰ፤ «ይተንፍሱ አባዬ፣ አለቀ።»

ሳቁ ተቋረጠ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ተማሪዎቿ አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ።

በር ላይ ደረሰባት። «እህቴ፣ ስምሽን ልጨምር ነበር እኮ።»

«የኔን ተወው። አባቴን ለምን ቆረጥካቸው?»

መሬት መሬት አየ። «ድምፃቸውን ሰው ያውቀዋላ።»

እጇን ዘረጋች። የምድር ቤቱን ቁልፍ እንደምትፈልግ ገባው፤ ከኪሱ የቁልፍ መያዣውን አውጥቶ ቀለበቱን በጥፍሩ ይታገለው ጀመር። ጠንካራ ቀለበት ነው። ያን ጊዜ ስትሰጠው ቁልፉን ያስገባችለት እሷ ነበረች፣ በጥርሷ ከፍታ፣ እየሳቀች።

እጇን እንደዘረጋች ጠበቀች።