ኸድር ሐብሐብ የሚያጥበው መቼ ነው

ሱዳን፣ አትባራ ከተማ ላይ ሐብሐብ የሚሸጠው በቢላዋ ነው። ገዢው ይመርጣል፣ ሻጩ ጎኑን ወግቶ ቁራጭ ያወጣል፣ ገዢው ይቀምሳል። ቀይና ጣፋጭ ከሆነ ይሸጣል፤ ነጣ ካለ ኪሳራው የሻጩ ነው። ኸድር ከባቡር ጥገና ክፍል ጡረታ ወጥቶ ከሎሚ መደቤ ጎን ሲቀመጥ እንደ ማንኛውም ሻጭ ይወጋ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ያወጣውን ቁራጭ እያገላበጠ ያየው ጀመር። ቀዩ ላይ ቡናማ መስመር አለ፤ ቢላዋው ከልጣጩ ይዞት የገባው አፈር። ኸድር ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበሳ የኖረ ሰው ነው፤ ከመብሳት በፊት መጥረግ እጁ ለምዶታል።

"ልጣጩን ማን ይበላዋል?" አልኩት።

"ቢላዋው ይበላዋል። ከዚያ አንተን ያጎርስሃል።"

በማግስቱ ሐብሐቦቹን ሁሉ ቤቱ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ እያብለጨለጨ አመጣቸው። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ገበያ አቧራ ምስክር ነው፤ አቧራ የለበሰ ሐብሐብ ዛሬ ከእርሻ ገባ ማለት ነው። የታጠበውን ግን ሰው የሰነበተ ነው፣ ቁስሉን ሊደብቁ ነው ብሎ ያማዋል። ማዶ የሚሸጠው ታጅ ደግሞ አፉን አልያዘም።

"ኸድር፣ ለሙሽሮችህ ሒና ረሳህላቸው እንዴ?"

ደንበኛ እያየ አለፈ። ማታ ጋሪውን እንደ ሞላ አብረን ስንገፋ ሚስቱ ፋትሒያ በር ላይ ጠበቀችን። ጡረታው ለዱቄትም አይበቃም፤ ቤቱ የሚኖረው በዚያ መደብ ነው።

"ሰው አፈር ካማረው አፈር ሽጥለት" አለችው። "እኛም እኮ የምንበላው እንፈልጋለን።"

"ልጆቼን የማላጎርሰውን እንዴት ለሰው ልጅ አጎርሳለሁ?"

"እንግዲያው ልጆችህም አይበሉ።"

እንዲህ ብትለውም እራቱን አቀረበችለት።

ከዚያ ወዲያ አቧራውን ሳይነካ አምጥቶ፣ ሰው ከመረጠ በኋላ ማጠብ ጀመረ። ይህም አልሆነለትም። ሐብሐብ ከባድ ነው፤ በአንድ እጅ ሳፋ ላይ ይዞ በሌላው ከማንቆርቆሪያ ውኃ ማፍሰስ አይቻልም። አስቀምጦ፣ አፍስሶ፣ አንስቶ፣ አገላብጦ ሲጨርስ ገዢው ታጅ ጋ ሄዶ እየቀመሰ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሁሉ በአክብሮት ሲት፣ እመቤት፣ የሚላት ሲት ሰኪና መጣች፤ ምላሷ የሚፈራ፣ ሰፈሩን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። አንዱን አንኳኩታ መረጠች።

"ቶሎ በል ሐጂ፣ ቤት እንግዳ ጥዬ ነው የመጣሁት።"

ኸድር ሐብሐቡን በሁለት እጁ ሳፋው ላይ ያዘና በአገጩ ወደ ማንቆርቆሪያው አመለከተ።

"እስቲ አስታጥቢኝ።"

አስታጥቢኝ የተባለ ሰው እምቢ አይልም። ቦርሳዋን ለእኔ አስይዛ ማፍሰስ ጀመረች።

"የገዛሁት እኔ፣ የምሠራው እኔ። አንተ ሥራህ ምንድን ነው?"

"ይዣለሁ።"

"በደንብ ያዝ እንጂ! አዙረው፣ እዚህ ጋ ጭቃ አለ። ቢላዋውስ? በዚህ ልትወጋው ነው?"

ቢላዋውንም አስታጠበችው። የወጣው ቁራጭ ቀይ ብቻ ነበር፤ ቆማ ጨረሰችው።

ማንቆርቆሪያ የያዘ ሰው ወደ ማዶ አይሄድም። ቀጥሎ የመጣው ወጣት ወታደርም አስታጠበ፤ ከእሱ ኋላ የቆመችው ተራዋን ጠበቀች። በሳምንቱ ጁምዓ ከስግደት በፊት ጋሪው ባዶ ሊሆን አንድ ሐብሐብ ቀርቶት ነበር። ሲት ሰኪና ግን የራሷን ገዝታ እንኳ አልሄደችም፤ ማንቆርቆሪያውን የያዘውን ሰውዬ ታርመዋለች።

"ቀስ በል፣ አታጥለቅልቀው። ከላይ ጀምር። ኸድር፣ አዙርለት።"

ኸድርም ያዞራል።