ውሃ የማያስገባው ልብስ

ባሕር ኃይሉ ፈርሶ ከምጽዋ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ሙያ ጠልቆ መዋኘት ብቻ ነበር። ደጋ ላይ ለጠላቂ ማን ሥራ ይሰጣል? ዓመታት ቦዘንኩ። እናቴ ግን ያለቀሰችው ሥራ በማጣቴ አልነበረም፤ ባዶ አንገቴን አይታ ነው። ማተቤን የባሕሩ ጨው በልቶ በጥሶት ነበር፤ እኔም በስንፍና አልተካሁትም። እሷው ጥቁር ክር ገምዳ አሰረችልኝና፣ «ይህን ከፈታህ ልጄ አይደለህም» አለችኝ። አልፈታውም ብዬ ማልኩላት።

በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ግድብ ሥር የውሃ መዝጊያው ብረት ተጣብቆ አልከፈት አለና ፈለጉኝ። ከከፈትኩት በቋሚነት እንደምቀጠር የግድቡ ኃላፊ ነገረኝ። ሁለት የጎማ ልብስም ከፊቴ ዘረጋ። አንደኛው እኔ የማውቀው ነው፤ ውሃ ያስገባል፣ የገባውንም ውሃ ገላ ያሞቀዋል። ሁለተኛው ጠብታ አያስገባም፤ ከውስጥ ሹራብ ለብሰህ ገብተህ ደርቀህ ትወጣለህ። ዚፑ ግን በጀርባ በኩል ከትከሻ እስከ ትከሻ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ካልከፈተልህ ከውስጡ አትወጣም።

የለመድኩትን መረጥኩ። ለሞቃት ባሕር የተሠራ ስስ ልብስ ለጎጃም ክረምት ምኑ ነው! አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ መፍቻውን መያዝ አቃታቸው። መዝጊያው ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል።

በማግስቱ ሁለተኛውን አለበሱኝ። ኃላፊው የአንገቱን ጎማ ሲያስተካክል ማተቤን አየ።

«ክሩን ፍታው እንጂ! ጎማው ባዶ ቆዳ ላይ ካላረፈ ውሃ ያስገባል» አለኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ክር እኮ ነው» አልኩት።

ያ አንድ ክር ለውሃው መንገድ ሆነለት። ከታች መዝጊያውን እየታገልኩ ሳለሁ ብርዱ በደረቴ ቁልቁል ይወርድ ጀመር፤ ቀስ እያለ ሆዴን አልፎ እግሮቼን ሞላ። ወገቤ ላይ የታሰረውን ገመድ ስነቀንቅ ጎትተው አወጡኝ። ዳር ላይ ቆሜም ገና ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ዚፑ ነክሶ ሦስት ሰው ሲታገለው፣ እኔ በለበስኩት ልብስ ውስጥ ታስሬ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ነገ ወይ ክሩ ይፈታል፣ ወይ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለኝ ኃላፊው።

ቤት ስደርስ እናቴ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችልኝ። ስለ ክሩ ልነግራት አሰብኩ። ነግሬያት ብትከለክለኝ ሥራው ይቀራል፤ ሳልነግራት ብፈታው ደግሞ መሐላዬ አለ። ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳልሆን ፈራሁና ሳልነግራት ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ግድቡ ዳር ከተተከለው ድንኳን ጀርባ ዞሬ ክሩን ፈታሁትና በሱሪዬ ኪስ ከተትኩት። ልብሱ አንዲት ጠብታ አላስገባም። መዝጊያው ተከፈተ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እኔም ተቀጠርኩ። ክሩን በገዛ እጄ መልሼ አሰርኩትና ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ስስም እጇ አንገቴን ዳሰሰ፤ የእሷ ባልሆነው ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጇን መልሳ ጥጡን አነሳች። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

«እማዬ፣ ላልቶ ነበር መሰለኝ። አንቺ እሰሪልኝ» አልኳት።

«እጄ ይንቀጠቀጥብኛል፤ ራስህ እሰረው» አለችኝ። በዚያው እጇ እንዝርቱን አሾረችና ቀጭኑን ፈትል ሳይበጠስ መሳብ ቀጠለች።